ወደ ካዕባ ለምን እንዞራለን? ምን ያህልስ በትክክል መዞር አለብን?

የደረሰን ጥያቄ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «አብሮኝ የሚሠራ ክርስቲያን ወዳጄ ‹አምላክ በአንድ ቦታ የማይወሰን ከሆነ ለምን ሁላችሁም ወደ አንድ ሕንፃ ዞራችሁ ትሰግዳላችሁ? ቀድሞ ወደ ኢየሩሳሌም ትሰግዱ እንደነበርም ሰምቻለሁ፤ ታዲያ ለምን ተቀየረ?› ብሎ ጠየቀኝና አጥጋቢ መልስ መስጠት አቃተኝ። በዚያ ላይ የስልኬ ቂብላ (የሶላት አቅጣጫ) ጠቋሚ፣ የምሰግድበት መስጂድ ሚሕራብ (ወደ ቂብላ የሚያመለክተው የግድግዳ ጎድጓዳ ስፍራ) በጥቂት ዲግሪዎች ዘንበል ያለ መሆኑን ያሳያል። እስካሁን የሰገድኩት ሶላት ምን ይሆናል?»

ጥያቄዎ ሁለት ቢመስልም ጉዳዩ አንድ ነው። ወደ ካዕባ፣ በመካ ወዳለው የተከበረ ቤት፣ የምንዞረው ለምን እንደሆነ በሚገባ የተረዳ ሰው፣ አቅጣጫውን በምን ያህል ጥንቃቄ መፈለግ እንዳለበትም አብሮ ይገባዋል፤ ምክንያቱን ያልተረዳ ግን ወይ ነገሩን አቅልሎ ይተወዋል፣ ወይ በየዲግሪው ሲጨነቅ ይኖራል። ስለዚህ ከምክንያቱ ልጀምር።

ቂብላን የሚደነግጉት አንቀጾች የሚገኙት በቁርኣን ሁለተኛ ሱራ፣ በአል-በቀራህ፣ ከ142 እስከ 150 ባለው ክፍል ነው። የወዳጅዎን ጥያቄ የሚመልሰው ቃል ግን ከእነርሱ ቀደም ብሎ በዚያው ሱራ በ115ኛው አንቀጽ ላይ ሰፍሯል፤ ምሥራቁም ምዕራቡም የአላህ እንደሆነ፣ ሰው ፊቱን ወደየትም ቢያዞር የአላህ ፊት በዚያ እንዳለ ይናገራል። ከድንጋጌው በኋላ ደግሞ 177ኛው አንቀጽ፣ በጎነት ፊትን ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ማዞር አለመሆኑን ገልጾ፣ በጎነት ማለት በአላህና በመጨረሻው ቀን፣ በመላእክት፣ በመጻሕፍትና በነቢያት ማመን፣ የሚወዱትን ገንዘብ ለዘመድ፣ ለየቲም፣ ለድኻና ለመንገደኛ መስጠት፣ ሶላትን ማቆም፣ ዘካን ማውጣት፣ ቃል ኪዳንን መሙላትና በመከራ ጊዜ መታገሥ እንደሆነ ይዘረዝራል። «ፊትህን ወደ ተከበረው መስጂድ አዙር» የሚለው ትእዛዝ የተቀመጠው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። እንግዲህ ወዳጅዎ ያነሡትን ተቃርኖ መጽሐፉ ራሱ አስቀድሞ ዘግቶታል፤ አቅጣጫው የታዘዘው አላህ በዚያ በኩል ስላለ እንዳልሆነ ከላይም ከታችም ተነግሯል።

ታዲያ ለምን ታዘዘ? ይህን ለመመለስ ለውጡ የተደረገበትን ጊዜ ማየት የግድ ነው፤ በእኔ እምነት ከማናቸውም ማብራሪያ ይልቅ የቂብላን ምንነት ወለል አድርጎ የሚያሳየው ታሪኩ ነው።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በመካ ሳሉ ወዴት ዞረው ይሰግዱ እንደነበር ዑለማዎች (የሃይማኖት ሊቃውንት) የተለያየ ሐሳብ አላቸው። ከኢብኑ ዐባስ በተላለፈው ዘገባ መሠረት፣ ካዕባን በፊታቸው አድርገው ወደ በይተል መቅዲስ፣ ማለትም ወደ ኢየሩሳሌም ይሰግዱ ነበር። ኢየሩሳሌም ከመካ በስተ ሰሜን ስለሆነች ከካዕባ በስተ ደቡብ በኩል የቆመ ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ፊት ለፊት ማድረግ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ622 ወደ መዲና ከተሰደዱ በኋላ ግን ይህ የማይቻል ሆነ። መዲና ያለችው በሁለቱ ከተሞች መካከል ነው፤ መካ በደቡብ፣ ኢየሩሳሌም በሰሜን ናት። ወደ አንዱ የዞረ ለሌላው ጀርባውን ይሰጣል። ነቢዩ በዚያ ወደ ኢየሩሳሌም መስገዳቸውን ቀጠሉ፤ ሆኖም የአባታቸው የኢብራሂም ቤት ቂብላቸው እንዲሆን ይመኙ እንደነበር፣ ትእዛዝ በመጠባበቅም ፊታቸውን ወደ ሰማይ ያገላብጡ እንደነበር 144ኛው አንቀጽ ይገልጻል። የሰሓባው (የነቢዩ ባልደረባ) የአል-በራእ ኢብኑ ዓዚብ ዘገባ ይህ የቆየው 16 ወይም 17 ወር እንደነበር ይናገራል። በሁለተኛው ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ624፣ ለውጡን የሚያዝዘው አንቀጽ ወረደ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በቅርበት ማየት ይጠቅማል። በአል-በራእ ዘገባ መሠረት ነቢዩ ወደ ካዕባ ዞረው መጀመሪያ የሰገዱት የዐስርን (የከሰዓት በኋላውን) ሶላት ነው። አብሯቸው የሰገደ አንድ ሰው ከዚያ ወጥቶ ሲሄድ፣ በሌላ መስጂድ ሰዎች ሩኩዕ ላይ (በሶላት ጎንበስ ብለው) ሳሉ ደረሰባቸውና ከአላህ መልእክተኛ ጋር ወደ መካ ዞሮ እንደሰገደ መሰከረላቸው፤ እነርሱም ሶላታቸውን ሳያቋርጡ እንዳሉ ዞሩ። ከመዲና ወጣ ብሎ ወደሚገኘው ወደ ቁባ ወሬው የደረሰው ደግሞ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ ሰዎቹ የሱብሒን ሶላት በመስገድ ላይ ሳሉ እንደሆነ ኢብኑ ዑመር ተናግረዋል። ፊታቸው ወደ ሻም፣ ማለትም ኢየሩሳሌም ወዳለችበት ወደ ሰሜን ነበርና ወደ ካዕባ ተገለበጡ። ነገሩ አንገትን ዘወር እንደማድረግ ቀላል አልነበረም። የሰሜኑ ፊት የደቡብ ጀርባ ሆነ፤ በፊት የነበረው ኢማም ከሰዎቹ ኋላ ስለቀረ ተራምዶ ወደ ሌላኛው ጫፍ ማለፍ ነበረበት፤ ከኋላ ይሰግዱ የነበሩ ሴቶች በወንዶቹ ቦታ፣ ወንዶቹም በሴቶቹ ቦታ እንደተተኩ የሚናገር ዘገባም አለ። በነቢዩ መስጂድም ቀድሞ የፊት ግድግዳ የነበረው የሰሜኑ ጫፍ የኋላ ሆነ፤ ጥላ ያለው ያ ቦታ በኋላ «ሱፋ» ተብሎ ቤት የሌላቸው ሰሓቦች መጠለያ ለመሆን በቃ።

ከቁባው ታሪክ ሕግ ዐዋቂዎች ያወጡትን ፍርድ ያዙልኝ፤ በኋላ ያስፈልገናል። ትእዛዙ በመዲና ከወረደ በኋላ የቁባ ሰዎች ባለማወቅ ቢያንስ የመግሪብንና የዒሻእን (የምሽትና የሌሊት) ሶላት ወደ ቀድሞው አቅጣጫ ሰግደዋል። እነዚያን ሶላቶች እንዲደግሙ አልታዘዙም።

ለውጡ በወቅቱ ጫጫታ አስነሥቷል። 142ኛው አንቀጽ «ከነበሩበት ቂብላ ምን አዞራቸው?» የሚሉ እንደሚኖሩ ይናገራል፤ መልሱም ምሥራቁም ምዕራቡም የአላህ መሆኑ ነው። ከአማኞችም ወገን ወደ ኢየሩሳሌም ሲሰግዱ ኖረው ከለውጡ በፊት የሞቱት ወንድሞቻቸው ጉዳይ ያሳሰባቸው ነበሩ፤ ለእነርሱ የ143ኛው አንቀጽ መጨረሻ አላህ እምነታቸውን ከንቱ እንደማያደርግ አረጋገጠላቸው። ተፍሲር (የቁርኣን ትርጓሜ) ዐዋቂዎች በዚህ ስፍራ «እምነት» የተባለው ሶላታቸው እንደሆነ ያስረዳሉ። ይኸው አንቀጽ የፊተኛው ቂብላ የተደረገበትን ምክንያት በግልጽ ያስቀምጣል፤ መልእክተኛውን የሚከተለው ወደ ኋላው ከሚመለሰው ተለይቶ እንዲታወቅ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውና ዋነኛው ምክንያት ትእዛዝን መፈጸም ነው። ሰሜን ቅዱስ ሆኖ ደቡብ ስለተናቀ፣ ወይም ደቡብ በተራው ስለተቀደሰ አይደለም። በትናንትናው ሶላት ወደ ሰሜን መዞር ታዛዥነት ነበር፤ በዛሬው ሶላት ወደዚያው መዞር አመፅ ሆነ፤ በመካከል የተለወጠው ትእዛዙ ብቻ ነው። ቂብላ አላህ ያለበት ቦታ ቢሆን ኖሮ በሩኩዕ መካከል ሊቀየር አይችልም ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ከኢብራሂም ጋር ያለው ትስስር ነው። ቁርኣን በሦስተኛው ሱራ 96ኛ አንቀጽ ለሰዎች መጀመሪያ የተሠራው የአምልኮ ቤት በበካ፣ ማለትም በመካ ያለው መሆኑን፣ በሁለተኛው ሱራ 127ኛ አንቀጽ ደግሞ መሠረቱን ኢብራሂምና ልጁ ኢስማዒል እንዳቆሙት ይናገራል። ልብ ይበሉ፤ የቂብላው ለውጥ ሲታዘዝ ካዕባ ገና በመካው ነገድ በቁረይሾች እጅ ነበር፤ በዙሪያውም ጣዖታት ቆመው ነበር። 360 ያህል የነበሩት እነዚያ ጣዖታት የተወገዱት ከ6 ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ630 መካ ስትከፈት ነው። ሙስሊሞቹ በእነዚያ ዓመታት ይዞሩ የነበረው በውስጡም በዙሪያውም ጣዖት ወዳለበት ቤት ነበር ማለት ነው። ዓይናቸው ቤቱ መጀመሪያ በተሠራበት ዓላማ ላይ እንጂ በወቅቱ በነበረበት ሁኔታ ላይ አልነበረም።

ሦስተኛው አንድነት ነው። ሶላት በጋራ የሚሰገድ አምልኮ ነው፤ ሰልፍ ያስፈልገዋል፤ ሰልፍ ደግሞ ያለ አንድ አቅጣጫ አይቆምም። እያንዳንዱ እንደ ልቡ ይዙር ቢባል በአንድ መስጂድ ውስጥ እንኳ ኢማምና ተከታይ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። ለወዳጅዎ ይህን ለማስረዳት ከራሳቸው መጽሐፍ ቢጀምሩ ጥሩ ነው። ነቢዩ ዳንኤል በባቢሎን ሳለ መስኮቱን ወደ ኢየሩሳሌም ከፍቶ በቀን ሦስት ጊዜ ይጸልይ እንደነበር በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 6 ተጽፏል፤ የጥንት አብያተ ክርስቲያናትም ወደ ምሥራቅ መዞርን ልማድ አድርገዋል። ዳንኤል አምላክ ኢየሩሳሌም ውስጥ ታጥሯል ብሎ ያምን ነበር የሚል ሰው የለም።

ከእነዚህ ውጭ መካ የየብስ ሁሉ እምብርት ናት፣ በዚያ ልዩ የሆነ የመግነጢስ ኃይል አለ፣ ወዘተ እየተባለ በየቦታው የሚነገረውን ለመልስዎ እንዳይጠቀሙበት እመክራለሁ። ቁርኣንም ሐዲስም ቂብላን በዚህ አላስረዱም፤ የተረጋገጠ ሳይንስም አይደለም፤ ሃይማኖታዊ ድንጋጌን በማይጸና ምርኩዝ ላይ ማስደገፍ ደግሞ ምርኩዙ ሲሰበር ድንጋጌውንም ያስነቅፋል።

«ሕንፃውን ታመልካላችሁ» ለሚለው ጥርጣሬ ሦስት ነገሮችን ማንሣት ይበቃል። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ጥቁሩን ድንጋይ ሲስሙ፣ የማይጎዳና የማይጠቅም ድንጋይ መሆኑን እንደሚያውቁ፣ ነቢዩ ሲስሙት ባያዩ ኖሮ እንደማይስሙት በሰው ፊት ተናግረዋል። መካ በተከፈተችበት ዕለት ደግሞ ቢላል ካዕባ ጣሪያ ላይ ወጥተው አዛን አድርገዋል፤ ሰው የሚያመልከውን ነገር በእግሩ አይቆምበትም። ሦስተኛው የሕንፃው የራሱ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ683 መካ ተከብባ ሳለ ካዕባ በእሳት ተጎዳ፤ ከዚያም ዐብደላህ ኢብኑ ዙበይር እስከ መሠረቱ አፍርሰው እንደገና ሠሩት። ግንቡ እስኪነሣ ድረስ በዙሪያው ምሰሶዎች ተክለው መጋረጃ ጋረዱ፤ ሰዎችም ወደዚያ ዞረው ይሰግዱ ነበር። በ930 ቀራሚጣዎች የተባሉ አማፅያን ጥቁሩን ድንጋይ ነቅለው ወስደው ከ20 ዓመት በላይ ይዘውታል፤ በ1630 ጎርፍ ግድግዳውን አፍርሶት በዑስማናዊው ሱልጣን በአራተኛው ሙራድ ዘመን እንደገና ተሠርቷል። በእነዚህ ጊዜያት ሁሉ ሶላት አልተቋረጠም። ሕግ ዐዋቂዎች ቂብላው ስፍራው ነው፣ ድንጋዩና ጭቃው አይደለም የሚሉት ለዚህ ነው፤ ከካዕባ በላይ ባለ ተራራ ላይ የሚሰግድም፣ ከሥሩ በጥልቅ ሸለቆ የሚሰግድም ወደዚያው ስፍራ እስከዞረ ድረስ ሶላቱ ትክክል ነው።

አሁን ወደ ዲግሪዎ እንምጣ።

ካዕባን በዓይኑ የሚያይ ሰው ራሱን ካዕባን ፊት ለፊት ማድረግ ግዴታው እንደሆነ ዑለማዎች አይለያዩም፤ በመስጂደል ሐራም ሰልፉ ክብ ሆኖ የሚዞረውም ስለዚህ ነው። ልዩነቱ ያለው በሩቅ ላለ ሰው ነው። የሐነፊ፣ የማሊኪና የሐንበሊ መዝሀቦች (የሕግ ትምህርት ወገኖች) ለእርሱ የሚበቃው አቅጣጫው ነው ይላሉ። በሻፊዒይ መዝሀብ የታወቀው አቋም ግን በሩቅ ያለውም ቢሆን ካዕባን ራሱን እንዲያነጣጥር ይጠይቃል፤ ይህም በግምቱ አይሎ በታየው መጠን ነው እንጂ በእርግጠኝነት አይደለም። ብዙኃኑ ከሚጠቅሷቸው ማስረጃዎች አንዱ፣ ሐዲስ ሰብሳቢው ቲርሚዚ ከሰሓባው ከአቡ ሁረይራ የዘገቡት «በምሥራቅና በምዕራብ መካከል ያለው ሁሉ ቂብላ ነው» የሚለው ሐዲስ ነው። ይህ የተነገረው ካዕባ በስተ ደቡባቸው ላለ ለመዲና ሰዎችና ለመሰሎቻቸው ሲሆን፣ ጠባብ መስመር ሳይሆን ሰፊ ገጽ እንደሚበቃ ያሳያል።

የበለጠ የሚያሳምነኝ ግን ሌላው ማስረጃቸው ነው። የካዕባ ግድግዳ ስፋቱ ከ11 እስከ 13 ሜትር ያህል ነው። በሩቅ አገር በሜዳ ላይ የሚሰገድ የዒድ ሶላት ሰልፍ ቀጥ ብሎ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይረዝማል። ሁሉም በትይዩ ስለሚቆሙ የአንደኛው ፊት በቀጥታ ካዕባ ላይ ቢያርፍ የሌሎቹ በቀኝና በግራ ያልፋል፤ ሆኖም የሰልፉ ሁሉ ሶላት ትክክል መሆኑን የሚጠራጠር የለም። በቁጥር ስናየው ደግሞ ከመካ 1000 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ሰው አንድ ዲግሪ ብቻ ቢስት፣ መስመሩ ከካዕባ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያልፋል። ካዕባን ራሱን ለማግኘት የዲግሪን አንድ ሺኛ ያህል ጥራት ሊኖረው ነው፤ ይህን ያህል ጸንቶ መቆም የሰው ገላ አይችልም፤ ከሩኩዕ ቀና ሲል ብቻ ከዚያ በላይ ይንቀሳቀሳል። አቅጣጫው ይበቃል ያሉት ሊቃውንት የመዛነፉን ወሰን ሲያስቀምጡ በቀኝም በግራም እስከ 45 ዲግሪ ድረስ ያደረሱት አሉ፤ ከዚያ ካለፈ ሰውየው ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሯል ይባላል።

ይህ ማለት ግን ትክክለኛውን አቅጣጫ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው ማለት አይደለም። ሙስሊም የሥነ ፈለክ ሊቃውንት በዚህ ጉዳይ ላይ ዘመናቸውን ፈጅተዋል። አል-ቢሩኒ በ11ኛው መቶ ዘመን የጋዝናን ቂብላ ለማግኘት የከተሞችን ኬክሮስና ኬንትሮስ በጥንቃቄ ለክተዋል፤ በ14ኛው መቶ ዘመን የደማስቆው አል-ኸሊሊ ለየኬክሮሱና ለየኬንትሮሱ ቂብላውን የሚያሳይ ግዙፍ ሠንጠረዥ አዘጋጅተዋል። በአንጻሩ ከእነርሱ በፊት የተሠሩ ብዙ መስጂዶች የቆሙት በኮከብ መውጫና መግቢያ፣ በፀሐይ ወይም መዲናን በመምሰል ወደ ደቡብ በማዞር ነበር፤ የኮርዶባው ታላቅ መስጂድ ዛሬ በስሌት ከሚገኘው አቅጣጫ በብዙ ዲግሪዎች ወደ ደቡብ ያዘነበለ ነው። በውስጡ ለዘመናት የሰገዱ ፉቀሃዎች (ሕግ ዐዋቂዎች) ይህን ያውቁ ነበር፤ ሶላቱ ተበላሽቷል ግን አላሉም።

ስልክዎን በተመለከተ፣ ሁለት ነገሮችን ያገናዝቡ። አንደኛ፣ የስልክ ኮምፓስ የሚሠራው በመግነጢስ ነው፤ አርማታ ብረት ያለበት ሕንፃ፣ መኪና፣ ድምፅ ማጉያ ወይም የስልኩ መያዣ ማግኔት ቀስቱን በቀላሉ ያሳስታል። የመግነጢስ ሰሜንና እውነተኛው ሰሜንም አንድ አይደሉም፤ ልዩነታቸው ከቦታ ቦታ ይለያያል። በአንድ መስጂድ ውስጥ ሁለት ስልኮች ሁለት የተለያዩ ቂብላዎች ቢያሳዩ አይደነቁ። ሁለተኛ፣ ምድር ድቡልቡል ስለሆነች በጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ የተሠመረ መስመር ሩቅ ቦታ ላይ ያሳስታል። ከኒው ዮርክ በካርታ ሲታይ መካ በደቡብ ምሥራቅ ያለች ትመስላለች፤ አጭሩ መንገድ ግን ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከሰሜን 58 ዲግሪ ገደማ ዞሮ ይነሣል። በሰሜን አሜሪካ በሚኖሩ ሙስሊሞች መካከል በዚህ ላይ ክርክር ነበር፤ ዛሬ ብዙኃኑ የሚከተሉት አጭሩን መንገድ ነው።

ማረጋገጥ ከፈለጉ ከስልክ ይልቅ የሚታመን መሣሪያ ፀሐይ ናት። በዓመት ሁለት ጊዜ ፀሐይ በትክክል ከካዕባ አናት ላይ ትሆናለች፤ በግንቦት 19 ወይም 20 በመካ ሰዓት ከቀኑ 6፡18 ገደማ፣ በሐምሌ 8 ወይም 9 ደግሞ ከቀኑ 6፡27 ገደማ። በዚያች ቅጽበት ፀሐይን የሚያይ ሰው ሁሉ፣ የትም ይሁን የት፣ ፊቱን ወደ ፀሐይ ቢያዞር ወደ ካዕባ ዞሯል። ቀጥ ያለ እንጨት ተክሎ ጥላውን ማስመር ይበቃል፤ ቂብላው ጥላው ከወደቀበት በተቃራኒ ነው። በዚያ ሰዓት ሌሊት ለሚሆንባቸው አገሮች ፀሐይ ከካዕባ ትይዩ በምድር ሌላኛው ወገን የምትሆንባቸው ቀናት በኅዳርና በጥር ይገኛሉ፤ ያን ጊዜ ጥላው ራሱ ወደ ቂብላ ያመለክታል።

ከግዴታው የሚወጡ ሁኔታዎችን ባጭሩ ልጥቀስ። መዞር የማይችል በሽተኛና የሚያዞረው ያጣ እንደ አቅሙ ይሰግዳል። በብርቱ ፍርሃት ውስጥ ያለ፣ የአል-በቀራህ 239ኛው አንቀጽ እንደሚለው፣ በእግሩም በመጋለቢያውም ላይ ሆኖ ይሰግዳል። መንገደኛ ሱና (ግዴታ ያልሆነ) ሶላትን መጓጓዣው ወደዞረበት መስገድ ይችላል፤ ነቢዩ በግመላቸው ላይ እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ ለፈርድ (ግዴታ ለሆነው) ሶላት ግን ይወርዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ማሌዥያዊው ሸይኽ ሙስዘፋር ሹኩር ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሲሄዱ የአገራቸው ዑለማዎች ያወጡት መመሪያም ከዚሁ መርህ አልወጣም፤ ከተቻለ ወደ ካዕባ፣ ካልሆነ ከካዕባ በላይ ወዳለው ሰማይ፣ ካልሆነ ወደ ምድር፣ ይህም ካልተቻለ ወደተቻለው አቅጣጫ እንዲዞሩ ፈቅዷል።

እንግዲህ ስላለፈው ሶላትዎ። አቅሙ በፈቀደው መጠን ቂብላን ፈልጎ፣ ወይም ሙስሊሞች ለዓመታት በሰገዱበት ሚሕራብ ተማምኖ የሰገደ ሰው በጥቂት ዲግሪዎች ዘንበል ማለቱ ቢታወቅ ሶላቱን እንዲደግም አይጠየቅም፤ የቁባን ሰዎች ያስታውሱ። መዛነፉ ወደ ሌላ አቅጣጫ እስከመዞር የደረሰ ቢሆን እንኳ፣ ሐነፊዎችና ሐንበሊዎች ፈልጎ የሳተን አይደግምም ይላሉ፤ ማሊኪዎች ወቅቱ ሳይወጣ እንዲደግም ይወድዳሉ፤ ሻፊዒዮች ስሕተቱ በእርግጠኝነት ከታወቀ ይደግም ይላሉ። የእርስዎ ጉዳይ ግን እዚያ የሚደርስ አይደለም።

ወደፊትም በጀመዓ ሲሰግዱ ብቻዎን ከሰልፉ አፈንግጠው በስልክዎ ቀስት አይዙሩ፤ የተረጋገጠ ጥቅም ሳያገኙ ሰልፉን ያዛባሉ፣ የሰውን ልብም ይከፋፍላሉ። ጥርጣሬዎ ካልለቀቀዎት ከላይ በተጠቀሱት ቀናት በአንዱ ከኢማሙና ከመስጂዱ ኮሚቴ ጋር ሆናችሁ ጥላውን አስምሩ። ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ ሚሕራቡን እንዳለ ተዉት፤ ጎላ ያለ ሆኖ ከተገኘ ግን ግንቡን ማፍረስ ሳያስፈልግ፣ በምንጣፉ ላይ የሰልፉን መስመር አዛንፎ መዘርጋት ይበቃል።